ፉከራ በስፓኒሽ

ጥር 11 ቀን ሲነጋ በጎንደር የፋሲለደስ መጠመቂያ ዙሪያ ከሚቆመው ሕዝብ መካከል አብዛኛው ግዕዝ አያውቅም። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ፣ ጽናጽላቸውን እያንሿሹ፣ ከበሮው ከዝግታ ወደ ፍጥነት እየተሻገረ ወረቡ ሲወረብ፣ ከወገራ ወርዶ ከደምቢያ ወጥቶ የመጣው ገበሬ፣ የከተማው ነጋዴና ተማሪ ሁሉ በአንድነት ይወዛወዛል፤ እልል ይላል፤ አንዳንዱም ያለቅሳል። የበዓሉን ምሥጢር በጥቅሉ ያውቃል። ቃል በቃል ምን እንደተባለ ቢጠየቅ ግን የሚመልሰው ጥቂቱ ነው። ነገሩ ለዘመናት የኖረ በመሆኑ ማንም እንደ እንግዳ አይቆጥረውም። ሆኖም ያው ሰው ከበዓሉ ተመልሶ ቤቱ ሲገባ ራዲዮ ከፍቶ በባዕድ ቋንቋ የተዘፈነ የሞቀ ዘፈን ቢሰማና ትከሻው ቢነቃነቅ፣ አጠገቡ ያሉ አዛውንት «ልጄ፣ የማትሰማው ነገር ምኑ ያስደስትሃል?» ብለው ሊገሥጹት ይችላሉ።

የአዛውንቱ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአማርኛ ዘፈን ዘንድ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው ምንጊዜም ግጥም ነው። አዝማሪ የሚመሰገነው በመሰንቆው ብቻ ሳይሆን በሰሙና በወርቁ፣ በሽሙጡና በፈጣን መልሱ ነው። ቃሉ ያልተሰማ ዘፈን እንደ ባዶ እንስራ ይቆጠራል። ታዲያ የገዛ ራሳችን ዘፈን፣ ያውም ከዘፈን ሁሉ ይልቅ በቃል ላይ የቆመው የጦረኛ ዘፈን፣ አማርኛው ቀርቶ በሌላ ቋንቋ ቢዘፈን የእኛ ነው ሊባል ይችላልን? ይህን ጥያቄ በተግባር ያነሣ አንድ ሸክላ አለ።

ሸክላው «አፍሮ ላቲን ሶል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዮርክ ከተማ ተቀርጾ ወርዚ በተባለ አነስተኛ አሳታሚ አማካይነት በሁለት ቅጽ የወጣ ሲሆን፣ የሙዚቃው ደራሲና መሪ ሙላቱ አስታጥቄ ነበር። (አንባቢ ይህን ዓመት ከእኛው 1966 ዓ.ም. ጋር እንዳያምታታው ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገና 1958 ወይም 1959 ዓ.ም. መሆኑ ነው።) ከሁለቱ ቅጾች ውስጥ ከአንዱ በቀር ሁሉም ቃል የሌላቸው የመሣሪያ ድርሰቶች ናቸው። ያ ብቸኛ ባለ ቃል ዘፈን በላቲን ፊደል እንደተጻፈው ሲነበብ «ኢ ፋራም ጋሚ ኢ ፋራም» የሚል ርእስ ያለው ሲሆን፣ ከጥንት ኢትዮጵያውያን ጦረኞች ዘፈን የተወሰደ ነው። የተዘፈነው ግን በስፓኒሽ ቋንቋ ነው።

ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ዌልስ የተላከው መሐንዲስ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ሙዚቃ ግን ሳበችው። በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማረ፤ በዚያው ከተማ ከካሪቢያንና ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ከመጡ ሙዚቀኞች ጋር ተዋወቀ፤ ከእነርሱም አንዱ በትውልዱ የጉያና ሰው የሆነው ዘፋኝና ከበሮ መቺ ፍራንክ ሆልደር ነበር። ቀጥሎም ወደ ቦስተን ተሻግሮ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እንደሆነ ይነገርለታል። የመረጠው መሣሪያ ቫይብራፎን ሲሆን፣ ይኸውም በተርታ የተደረደሩ የብረት ጠፍጣፋ ዘንጎች ያሉት፣ ጫፋቸው በተጠቀለለ በትሮች እየተመታ የሚርገበገብ ድምፅ የሚሰጥ ነው።

ወደ ኒውዮርክ በገባበት ጊዜ ከተማዋ ከላቲን አሜሪካ በመጣ ሙዚቃ ትናጥ ነበር። ከፖርቶ ሪኮና ከኩባ የፈለሱ ቤተሰቦች በስፓኒሽ ሃርለምና በብሮንክስ ሰፍረው የየራሳቸውን ምት ይዘው መጥተዋል። ማቺቶ የተባለው በኩባ ያደገ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1940 ባቋቋመው ኦርኬስትራ የአፍሪካን ከበሮ ከጃዝ ጋር አዋሕዶ ነበር፤ ቲቶ ፑዌንቴ ማምቦን በከበሮም በቫይብራፎንም ይጫወት ነበር። ፓላዲየም የተባለው የታወቀ የዳንስ አዳራሽ በዚያው በ1966 በሩን ሲዘጋ፣ የወጣቶቹ ጆሮ ቡጋሉ ወደተባለው አዲስ ምት አዘንብሎ ነበር። ይህም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ እየተቀላቀለ የሚዘፈን፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ሶል ሙዚቃ ጋር የተዳቀለ ስልት ነው። የሙላቱ ሸክላ የተወለደው በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ነው። ከእርሱ ጋር የተጫወቱት ሙዚቀኞች አብዛኞቹ የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ነበሩ፤ ቡድኑ ግን «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» ተባለ። ከድርሰቶቹ መካከል መስከረም ሲጠባን፣ አክሱምን፣ አልማዝን፣ የአዲስ አበባዋን ልጅ የሚጠሩ ሲገኙ፣ በዚያው ሸክላ ላይ ማምቦና ቻቻም አሉ። በሸክላው ሽፋን ላይ የኢትዮጵያን ስም ያየ የኒውዮርክ ሰው ምን ሊጠብቅ እንደሚችል ማሰብ ደስ ይላል፤ መርፌው ሲያርፍ የሚሰማው ግን እግሩ አስቀድሞ የሚያውቀው ምት ነው።

አሁን ወደ ጦረኛው ዘፈን እንመለስ። ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ በሰሜን ጎንደር ደጋ የሠርጉም፣ የግዳዩም፣ የደቦውም አካል ሆነው ኖረዋል። ከተማዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1636 በአፄ ፋሲለደስ ተቆርቁራ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የነገሥታት መቀመጫ ስትሆን፣ የአደባባይዋ ድምፅ በአብዛኛው የጦርነት ድምፅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች የጻፈው ደብዳቤ በ1776 በለንደን በታተመው የቻርልስ በርኒ የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ብሩስ ስድስት መሣሪያዎችን ይቈጥራል። ዋሽንት መሰሉ፣ መለከቱ፣ ነጋሪቱና ከበሮው የጦርነት ናቸው ይላል፤ ጽናጽል የቤተ ክርስቲያን፣ ክራር መሰሉ ባለ አውታር ደግሞ የደስታና የጭፈራ መሣሪያ ነው። ከስድስቱ አራቱ የጦር መሆናቸው የዘመኑን መንፈስ ያመለክታል። ብሩስ መሰንቆን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለማስገባቱ የሚያስገርም ቢሆንም፣ የእንግዳ ጆሮ ሁልጊዜ ሁሉን አይሰማም።

ፉካሪው ሲነሣ የሚጠራው በቅድሚያ ስም ነው። የአባቱን፣ የአያቱን፣ የፈረሱን፣ የጠመንጃውን፣ የወንዙንና የአምባውን ስም እየጠራ ይንጎራደዳል። ቋራ ተወልደው በጎንደር ምድር ያደጉት አፄ ቴዎድሮስ በፈረሳቸው ስም «አባ ታጠቅ» ይባሉ እንደነበር ያልሰማ የደጋ ልጅ የለም። ስሙ ሲጠራ ታጥቆ መነሣት፣ የቈላ ሽፍትነት፣ የመቅደላ ፍጻሜ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሰሚው ልብ ይመጣሉ። ይህን ስም ወደ ስፓኒሽ ቢመልሱት ምን ይተርፋል? መታጠቅ የሚል ግሥና አባት የሚል ስም ይተርፋሉ፤ ንጉሡ ግን የለም፤ ፈረሱም የለም። ፉከራ ሰሚው ከፉካሪው እኩል የሚያውቀውን ነገር መልሶ የሚያስታውስበት ጥበብ በመሆኑ፣ ስሞቹን የማያውቅ አድማጭ ፊት ሲቀርብ ግማሽ አካሉን ያጣል። በግጥም የሚያምን ሰው ይህን ኪሣራ እንደሌለ አድርጎ ሊያልፈው አይገባም። «ሙዚቃ ዓለም አቀፍ ቋንቋ ነው» የሚለው በየመድረኩ የሚደጋገም አነጋገር ይህን ኪሣራ ይሸፍናልና ብዙም የሚያስመካ አይደለም።

የቀረውስ ምንድን ነው? ይህን ለማየት እንደገና ወደ ቅኔ ማኅሌቱ መግባት ያስፈልጋል። የጎንደር በዓታ የአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያ መሆኗ የታወቀ ነው። አቋቋም ማለት ዜማውን ከአካል እንቅስቃሴ፣ ከመቋሚያ፣ ከጽናጽልና ከከበሮ ጋር የማዋሐድ ሥርዓት ነው። አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ያለ መሣሪያ ይባላል፤ ከዚያ በዝማሜ መቋሚያው ከጎን ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ቀጥሎ በመረግድ ከበሮ ይገባል፤ በመጨረሻም በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይሞቃል። ቃሉ ያው ነው፤ የሚለወጠው ሙቀቱ ነው። ግዕዝ የማያውቀው ምእመን የሚከተለው ይህን ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ሙቀት ሲሆን፣ መቼ እልል እንደሚባል የሚነግረውም ይኸው ነው።

የኩባና የፖርቶ ሪኮ ሙዚቃም በአሠራሩ ከዚህ እጅግ አይርቅም። ዘፈኑ መጀመሪያ በተረጋጋ ሁኔታ ይተረካል። ከዚያ ሞንቱኖ የሚባለው ክፍል ሲደርስ ፒያኖው አንድ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይሽከረከራል፤ ኮንጋ የሚባሉት ረጃጅም ከበሮዎች ይግላሉ፤ አውጪው አንድ ቃል ይወረውራል፤ ተቀባዮቹ ያንኑ መልሰው ይመታሉ። የሁሉ መሠረት ክላቬ የተባለው በሁለት አጫጭር የእንጨት ዱላዎች የሚመታ ባለ አምስት ምት ስልት ነው፤ ሦስቱ በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላ ወገን። ይህም ሥልት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በባርነት ተግዘው ወደ ኩባ ከተወሰዱ ሰዎች ጋር የሄደ ነው። ፉከራችንም እንዲሁ አውጪና ተቀባይ አለው፤ እንዲሁ አንድ ሐረግ ይደጋገማል፤ እንዲሁ ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ይፈጥናል። ሙላቱ የጦረኛውን ዘፈን በኮንጋ ላይ ሲያስቀምጠው በማይመስለው ነገር ላይ አልለጠፈውም። የመጣበትን ቃል ቢለቅም መድረሻውን አልሳተም።

የቀሩት ድርሰቶች ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ፒያኖ በአንጻሩ አሥራ ሁለት ድምፅ አለው። አምስቱን በአሥራ ሁለቱ ውስጥ ጠባያቸው ሳይጠፋ ማኖር ከባድ ሥራ ሲሆን፣ ሙላቱ በኋላ «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ የሰየመው ስልት መሠረቱ ይኸው ነው። በ1966ቱ ሸክላ ላይ ሙከራው ገና ጥሬ ነው። አንዳንዱ ድርሰት ከማንኛውም የኒውዮርክ ላቲን ቡድን ሥራ የማይለይበት ጊዜ አለ፤ ከዘመኑ ቡጋሉዎች ጋር ቢቀላቀል ለይቶ የሚያወጣው ጥቂት ሰው ነው። ይህን መናገር የሥራውን ዋጋ አይቀንስም። በሸክላው ውስጥ ግልጽ ሆኖ የሚሰማው ደስታ ነው፤ የሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ወጣት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተገናኝቶ ወዲያው መግባባቱን ያወቀበት ደስታ።

በዚያው ዘመን በሀገር ውስጥ ሸክላ ማሳተም እንዲህ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር ደፍሮ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1969 የገዛ ኩባንያውን የከፈተው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። ሙላቱም ወደ ሀገሩ ተመልሶ ከአምሃ ጋር ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሸክላው በዚያ ዓመት ታሪክ የሆነውን የየካቲትን ወር ስም የያዘ ነው።

ስለ ፉከራ ከተነሣ ግን ከሙላቱ ይልቅ ወደ አዛውንቶቻችን ጥያቄ የሚቀርበው ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው ሽለላን ከሰው አፍ አውጥቶ በሳክስፎን ውስጥ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1972 በፊሊፕስ በታተመው ሸክላው ላይ አንዲት ቃል ሳትኖር ሸላዩ ይሰማል። ሲቆጣ፣ ሲያቅራራ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ሲነሣ ይታወቃል፤ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ወጥቶ አያውቅም። ይህ ቃል አልባ ሽለላ ሀገር ውስጥ «የማይሰማ» ተብሎ አልተነቀፈም፤ ምክንያቱም አድማጩ ቃሉን ከራሱ ጨምሮበታል። ጌታቸው ይህንኑ ሽለላ በስተርጅናው ወደ አምስተርዳም ይዞት ሄደ፤ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ፓንክ ሮክ ቡድን ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ። በኤሌክትሪክ ጊታር መካከል የቆመው ሸላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያርፍ የሆላንድ ወጣቶችም አለቀሱለት ቢባል አያስደንቅም። ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣውና ሙላቱም በቫይብራፎን የተሳተፈበት የመሣሪያ አልበምም ስሙ «ቼ በለው» ነው፤ ፈረስ ማስፈንጠሪያ ጥሪ፣ ያለ ፈረስና ያለ ቃል።

በዚያው በ1977 ስፓኒሽ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የሶማሊያ ወረራ ባስከተለው ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያውያን ጎን ተሰለፉ፤ ብዙ ሳይቆይም በሺሕ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት፣ ከነዚህም ብዙዎቹ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ የወጣቶች ደሴት ወደተባለችው የኩባ ደሴት ተልከው ተማሩ። በአማርኛ ተኮትኩተው በስፓኒሽ ያደጉት እነዚህ ልጆች የኩባን ዘፈን የሰሙት እንደ እንግዳ ዘፈን አልነበረም፤ ሒሳብ የተማሩበት፣ የናፈቁበትና ያፈቀሩበት ቋንቋ ነበርና። የሙላቱ የስፓኒሽ ፉከራ ከዚህ ሁሉ አሥር ዓመት ያህል መቅደሙ የታሪክ አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም መስጠት ማጋነን ይሆናል።

በጎንደር ከተማ ዛሬም አዝማሪዎች መሰንቆአቸውን ይዘው በየሆቴሉና በየጠጅ ቤቱ ይዞራሉ፤ በከተማዋ አካባቢ ከአባት ወደ ልጅ ሙያውን የሚያወርሱ የአዝማሪ መንደሮች አሉ። ኢትሱሺ ካዋሴ የተባለው የጃፓን የባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያዘጋጀው ፊልም የሚያሳየው በዚችው ከተማ መሰንቆ እየመቱ እንጀራቸውን የሚያበስሉ አዝማሪ ሕፃናትን ነው። ከውጭ የመጣ ጎብኚ ፊት ሲቆሙ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቃሉን የማይሰማው በዚህ ጊዜ ፈረንጁ ነው። ፈረንጁም ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ትከሻውን ለመነቅነቅ ይሞክራል። አዝማሪዎች በበኩላቸው ሌላው ሰው የማይገባው የእርስ በርስ ቋንቋ ስላላቸው፣ በአድማጩ ፊት ስለ አድማጩ ሲነጋገሩ አማርኛ ተናጋሪውም ራሱ እንደ ፈረንጁ ሆኖ ይቀራል።

ነገር ግን ፈረንጁ የማይደርስበት አንድ ስፍራ አለ። አዝማሪው መሰንቆውን ሲያለዝብ ከታዳሚው አንዱ ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል፤ ከገዛ ራሱ የፈለቀ ሁለት ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ሰጪው በስንኙ ወዳጁን ያሞግሳል፣ ባላጋራውን ይወጋል፣ ሙቱን ያስታውሳል። ጎብኚው በዜማውም በምቱም ከሌላው እኩል ሊደሰት ይችላል፤ «ተቀበል» ሊል ግን አይችልም። ቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ የቆመው ገበሬም እንዲሁ ነው፤ እልልታውን ይሰጣል እንጂ ቅኔ አይሰጥም።

በዚህ ዓይን ሲታይ የ1966ቱ ሸክላ የሠራው ነገር ከመጀመሪያው ግምት የተለየ ሆኖ ይገኛል። ዘፈኑ በአማርኛ ቢቀር ኖሮ አባ ታጠቅን የመሰሉ ስሞች ይተርፉ ነበር፤ በዙሪያው የቆሙት የፖርቶ ሪኮ ልጆች ግን የማያውቁትን ድምፅ በልምምድ የሚደግሙ እንግዶች ይሆኑ ነበር። ቃሉ ወደ እነርሱ ቋንቋ ሲመለስ ተቀባይ ሆኑ፤ የጦረኛው ሐረግ ሲወረወርላቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መልሰው መቱት። ሸክላው ለረጅም ዘመን ከሰብሳቢዎች እጅ በቀር የማይገኝ ሆኖ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ስትራት የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ሁለቱንም ቅጾች እንደገና አሳትሞአቸዋል። ያችው የጦረኛ ዘፈንም እንደ ወጣችበት ዘመን በስፓኒሽ ትሰማለች፤ ኮንጋው ይቀድማል፣ አውጪው ይጀምራል፣ ተቀባዮቹ ይመልሳሉ።